ሐኪሙን ማን ጠራው?

ልጆቼ፣ ያን ዕለት ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ስለ ታሪካዊ ልቦለድ ያነሣችሁት ጨዋታ ከልቤ አልወጣም። መልእክት ይዞ አገር የሚያቋርጥ ሐኪም ለጀብዱ ታሪክ የተመቸ ነው። ዕድሜዬን በሕክምና ያሳለፍኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳገኝ ሳልጨርሰው አልተኛም።

ልትጽፉበት ያሰባችሁት ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በእውነት የነበረ ሰው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 1698 ከካይሮ ተነሥቶ፣ በዛሬዋ ሱዳን በስናር በኩል አልፎ በሐምሌ 1699 ጎንደር ገባ። ታላቁ ኢያሱን አክሞ በ1700 በምጽዋ በኩል ተመለሰ። አብሮት የተነሣው ብሬቭዳን ኢየሱሳዊ፣ ማለት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር ቄስ ነበር። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ ከ60 ዓመት በላይ ቢያልፍም ጥርጣሬው አልበረደም፤ ስለዚህ የሐኪሙን አገልጋይ መስሎ ተጓዘ። ጎንደርን ሳያይ መንገድ ላይ ሞተ። ይህ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ጉዞው የተጀመረው ፓሪስ አይደለም። ኢያሱ ታመው ሐኪም ፈለጉ፤ ካይሮ ሄዶ እንዲያመጣላቸው የታመነው ሐጂ ዓሊ የሚባል ነጋዴ ነበር። ክርስቲያን ንጉሥ የገላውን ምሥጢር ለሙስሊም ነጋዴ አደራ ሲሰጥ አስቡት። ይህን ለወሎ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ታዲያ ሐጂ ዓሊ በልቦለዳችሁ ግመል ጫኝ ሆኖ እንዳይቀር።

ፖንሴንም ዛሬ እኛ የምናውቀውን አታሳውቁት። በሽታ በጀርም እንደሚመጣ በዘመኑ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ንጉሡ ፊት ቆሞ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ሳያውቅ ያደረውን ሌሊት ጻፉልኝ። ያን ሌሊት እኔም አድሬበታለሁ።

በወጣትነቴ በሽሎን ተሻግሬ ደላንታ አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ዘንድ ተጠርቼ ሄድኩ። ዳነች። ለዓመታት ይህን ስተርክ «ተሻገርኩ፣ ደረስኩ፣ አዳንኩ» እል ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ውኃው እስኪጎድል በትዕግሥት ያስጠበቀኝ፣ ከዚያም በቅሎዬን ስቦ ያሻገረኝ ባሏ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ደጅ ቆሞ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰምቶ መሬት ሳመ። ስሙን አልጠየቅኩትም።

የሐጂ ዓሊ ስም ግን አለላችሁ። መጀመሪያውን ምዕራፍ ከእሱ ጀምሩና አምጡልኝ፤ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።