ኦይል ሲሉን ተወውና የትንፋሽ ጎማውን እይ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። መኪናው ላንድክሩዘር፣ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ። ባለቤቱ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ካስገጠመ ወዲህ፣ በኋላው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ በሚሽከረከረው ዘንግ ዙሪያ የሚገባ የጎማ ቀለበት) በኩል ዘይት ያፈሳል፤ ፎቶም ልኮልኛል። ሁለቴ ተቀይሯል። ከተማ ውስጥ ደህና ነው፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ግን ሞተሩ ከሥር በዘይት ይታጠባል።

ወንድሜ፣ ሦስተኛ ኦይል ሲል እንዳትገዛ። ዳገት ላይ ብቻ የሚያፈስ ሞተር ብዙ ጊዜ ውስጡ ግፊት አለ ማለት ነው። እኔ የምጠረጥረው ከታፔት ክዳኑ (ከሞተሩ የላይኛው ሽፋን) የሚወጣውን የትንፋሽ ጎማ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣውን ቱቦ ነው። ይሄ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም፤ ትንፋሹ ወደ አየር ማስገቢያው ቢገባ ችግር የለም። ቱርቦ የገጠመልህ ሰው ጎማውን በነበረበት ከተወው ግን፣ ቱርቦው የጨመቀው አየር በዚያው ጎማ ወደ ሞተሩ ሆድ ይመለሳል። ግፊቱ ግማሽ ባር እንኳ ቢሆን በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ይገፋል። ተራ ኦይል ሲል ይህን ለመቻል አልተሠራም፤ ገበያ ላይ በኦሪጅናል ካርቶን የሚሸጠው ርካሹማ ጭራሽ!

ከመሞከርህ በፊት አየር ማስገቢያውን የሚደፍን ጠፍጣፋ ጣውላ አዘጋጅ። ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት መጠጣት ከጀመረ ቁልፍ ብታጠፋም አይቆምም። በእጅህ ወይም በጨርቅ ለመድፈን እንዳትሞክር።

ጎማውን ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ንቀል፤ የማኒፎልዱን ቀዳዳ አጥብቀህ ድፈን። ጎማውን አስረዝመህ አፉ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አስገባና ዳገቱን ውጣ። ማፍሰሱ ካቆመ ተገኘ። ጎማውን በዘይት ማጠራቀሚያ ጣሳ አሳልፈህ በአየር ፊልትሮው (ማጣሪያው)ና በቱርቦው መካከል አስገባው።

የቱርቦውን የዘይት መመለሻም እይልኝ፤ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነው። ዘይት ወደ ቱርቦ የሚሄደው በቀጭን ቱቦ፣ በፓምፕ ግፊት ነው። ሲወጣ ግን ገፊ የለውም። በሚሽከረከረው ዘንግ ተመትቶ እንደ ጠላ አረፋ ሆኖ በክብደቱ ብቻ ይወርዳል። ለዚህ ነው መመለሻው ወፍራም የሚሆነው። ሽቅብ መታጠፍ የለበትም፤ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቦታም ከሞተሩ ዘይት ደረጃ በላይ ይሁን። የሞተሩ ሆድ ግፊት ካለው ደግሞ ቱቦው ትክክል ቢሆንም ዘይቱ መውረጃ ያጣል። ቱርቦው ውስጥ ያለው ማገጃ እንደ ጎማ ሲል ዘይት አይቋጥርም፤ ዘይቱ ከተጠራቀመ አልፎት ወደ አየር መስመሩ ይገባል። ሰማያዊ ጭስ ታያለህ፤ ከዚያም ያ ቁልፍ የማይሰማ ሞተር ይመጣል።

ጎማው ተነቅሎም ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ኮምፕረሽን (የሲሊንደሮቹን የመጭመቅ ግፊት) አስለካ፤ እስከዚያ የቱርቦውን ግፊት አትጨምር።

በላክልኝ ፎቶ ላይ ያየሁት ቀይ ሲሊኮን (መገጣጠሚያ ማሸጊያ ማጣበቂያ) ደግሞ አናደደኝ። ወደ ውጭ የተትረፈረፈውን ያህል ወደ ውስጥም ገብቷል። ተቆርሶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ከዘጋ ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀራል። ዘይት ስትቀይር ከሥር ያለውን የዘይት ቋት አውርደህ ጥረገው። መልሰህ ስታስነሳም ጣውላው ከእጅህ አይራቅ። ሞተሩ በራሱ ከጮኸ አየሩን በጣውላ ድፈን፤ መሪ ላይ ከሆንክ ፍሬን ረግጠህ፣ የመጨረሻውን (ፈጣኑን) ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ።