ማጨጃህ ሳሩን ካጠፈው ጥርሱን ለማስሞረድ አትቸኩል

ሰላም ወንድሜ። «ደሴ አጠገብ ገራዶ ላይ ድርቆሽ የማጭድበት ባለ ጥርስ ማሽን ሳሩን ከመቁረጥ ይልቅ እያጠፈ ይውጠዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፤ ጥርሱን ላስሞርደው ወይስ ሙሉውን ልቀይረው?» ብለህ ጠይቀሃል። አብሽር። ለጊዜው ሁለቱንም ተው። እኔ ኮምቦልቻ ላይ የወተት ላሞች አሉኝ። ማሽኔ እንዳንተው ከኋላ እየተከተሉ የሚነዱት፣ በቤንዚን የሚሠራው ነው። ችግርህም የእኔው ችግር ነው ብዬ ነው የምመልስልህ።

1. የካንዴላውን ገመድ ንቀል፣ ወፍራም ጓንት አድርግ። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ጥርሱን በዚህ ጫፍ ስትገፋው በዚያ ጫፍ ያለውን እጅ ይቆርጣል። ይሄን ሳታደርግ ማሽኑን እንዳትነካ።

2. ከላይ ጥርሱን ተጭነው የሚይዙትን ማቀፊያዎች እይ። ይሄ ማሽን የሚሠራው እንደ መቀስ ነው። የሚመላለሰው ጥርስ አንዱ ስለት ነው፤ ከስር ያለው የማይንቀሳቀሰው የብረት ጣት ጠርዝ ሁለተኛው ነው። መቀስ ቡሎኑ ከላላ ምንም ስል ቢሆን ጨርቁን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ጥርሱን በካቻቢቴ ወደ ላይ ፈልቀቅ አድርገው። ብድግ ካለልህ ችግሩ እዚያ ነው። በጥርሱና በማቀፊያው መካከል ወረቀት ካለፈ ይበቃል፤ 1 ሚሊ ከሞላ ግን በዝቷል። ማቀፊያው ከስሩ ስስ ሮንዴላ ካለው አንዱን ቀንስ። ከሌለው ጥርሱን ከስሩ አውጣና ማቀፊያውን በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታው፣ ከዚያ ጥርሱን መልሰህ ሞክረው። ግን ከመጠን በላይ አታጥብቀው። ጥርሱ በእጅ ሲገፋ መንሸራተት አለበት። ከጠበቀ ይግላል፣ ይበላል፣ ሞተሩንም ያደክመዋል።

3. ማስሞረድ። እዚህ ላይ እባክህ ረጋ ብለህ ስማኝ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። ጥርሱ የሚሞረደው ከላይ፣ ሰያፍ በሆነው ገጹ ብቻ ነው። የስሩ ገጽ ጠፍጣፋ ሆኖ ጣቱ ላይ መተኛት አለበት። እኔ ይሄንኑ ለአንድ ደሴ ላለ ጋራዥ በግልጽ ነግሬ ነው ያስረከብኩት። ባለሙያው «እኔ ስለት ሳወጣ ነው ያደግኩት፣ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ልወስድ ስመለስ በግራይንደር ከላይም ከታችም ልጎታል። ጫፍ ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። ሰማያዊ ማለት ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው፤ ስለቱ ውሎ አያድርም። ከስር የተላገው ደግሞ ከጣቱ ይርቃል፣ ሳሩ በክፍተቱ ይገባና ይታጠፋል። ያ ብረት ተመልሶ አይመጣም። ይባስ ብሎ የላላውን አንዱን ጥርስ በብየዳ አጣብቆታል! ስናገረው «ካልፈለግክ ውሰድ» አለኝ፣ ሂሳቡንም ሙሉውን ተቀበለኝ። ወሩ ጥቅምት ነበር። አዲስ ጥርስ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ እስኪመጣ ሳሩ ቆሞ ደረቀና እንጨት ሆነ። ለላሞቹ ድርቆሽ በውድ ገዛሁ። እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲህ ምላጬን፣ ማለትም ጥርሶቹ የተደረደሩበትን ብረት፣ ለማንም አልሰጥም። ሞርሳ ላይ አስሬ፣ በሞረድ፣ የድሮውን ሰያፍ ተከትዬ ራሴ እሞርዳለሁ። ግራይንደር ከተጠቀምክ ነካ እያደረግክ ተው፣ ውሃ አጠገብህ ይሁን። ጥርስህ በላይኛው ገጹ ላይ እንደ መጋዝ ሸካራ ጭረት ያለው ዓይነት ከሆነ ግን አይሞረድም፣ ይቀየራል።

የተሰበረ ጥርስ ስትቀይር ሪቬቱን በድሪል መብሳት አያስፈልግህም። የምላጩን ጀርባ ሞርሳ ላይ አስደግፈህ ጥርሱን ከጀርባው በኩል በመዶሻ ስትመታው ሪቬቱ ይቆረጣል። አዲሱን ሪቬት ቀጥቅጠህ ጥርሱ ምንም እንዳይነቃነቅ አድርገው። ብየዳ የሚልህን ሰው አትስማ።

አሁንም ካልቆረጠልህ ጣቶቹን እይ። ገራዶም ሆነ ቦርከና ወንዝ ዳር ሳር ውስጥ ድንጋይ አይጠፋም፤ አንድ ጣት ከጎበጠ ጥርሱን ከሌሎቹ ላይ ያነሳዋል። ከጫፍ ሆነህ በአንድ ዓይንህ በመስመሩ ተመልከት፣ የወጣውን በመዶሻ መልሰው። የጣቱ ጠርዝ ከዶለዶመ ጥርሱን ብቻ መሳል አይጠቅምህም። ከዚያ ማሽኑን በእጅህ አዙር። ምላጩ ግራ ጫፍ ሲደርስም ቀኝ ጫፍ ሲደርስም የጥርሱ መሃል የጣቱ መሃል ላይ መቆም አለበት። በአንድ በኩል አልፎ በሌላው የሚቀር ከሆነ ምላጩን የሚገፋውን ዘንግ ርዝመት አስተካክል። መጀመሪያ ግን የዘንጉን ኩሽኔታና ቡሽ ነቅንቀህ እይ። እነሱ ከተበሉ የምታስተካክለው ሁሉ በማግስቱ ይበላሻል። ይሄን ማንም አላሳየኝም፣ በጨረቃ መብራት እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ዛሬ ከደሴም ከሐረጎም ምላጭ ተሸክመው እኔ ጋ የሚመጡ አሉ፣ በነጻ ነው የማስተካክልላቸው።

ደግሞ ደሴ ጠዋት ጤዛው ከባድ ነው። ሳሩ ሳይጠነፍፍ አትግባ፤ እርጥብ ሳር ደህናውንም ማሽን ይደፍነዋል።

ጥርስ መግዛት ግድ ከሆነብህ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የጥርሱ ስፋት 3 ኢንች፣ 76 ሚሊ ገደማ የሆነ አለ፤ ከዚያ የሚያንስም አለ። የሪቬቱ ቀዳዳም ከማሽን ማሽን ይለያያል። አንድ ባለሱቅ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ቀዳዳው የማይገጥም ሸጦልኝ መልሼ ብሄድ አልቀበልም ብሎኛል። እዚያው ባንኮኒው ላይ ሁለቱን ደርበህ ቀዳዳው ሲገጥም ብቻ ክፈል። ማቀፊያዎቹን ዛሬ ፈትሽና ከጎን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።