«በጭንቅላቴ» ብሎ ይተወዋል

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል ልጄ የሒሳብ መልስ ቶሎ ያገኛል። እንዴት እንዳገኘው ጻፍ ሲሉት ግን «በጭንቅላቴ» ብሎ ይተወዋል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፒያሳ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህችን «በጭንቅላቴ» በስንቱ ደብተር ላይ አንብቤአለሁ! ስንፍና እንዳይመስልዎ። በአፉ ያላወራውን ጻፍ ስለተባለ ነው። አስቀድመው ያስወሩት። «የ48 ብር ቲማቲምና የ27 ብር ሽንኩርት ስንት ሆነ?» ይበሉት። «ከ27ቱ 2 ወሰድኩ፣ 48ቱን 50 አደረግኩት፣ 25 ቀረኝ፣ 75» ካለ፣ ያንኑ ቃል በቃል ለብቻው በተለየ ደብተር ያስፍረው። ሥዕልም ይሳል፣ መስመርም ያስምር።

እባክዎ ፊደል ለማረም ቀይ እስክሪብቶ አያንሱ። ከጎኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉለት፦ «2ቱን ለምን ወሰድክ?»

አንዲት ተማሪዬ በዚሁ ስሌት 65 አግኝታ ነበር። «8 ሲደመር 7፣ 15። 5ቱን ጻፍኩ...» እያለች ስትጽፍ እጇ ቆመ፤ የረሳችውን «1 በእጄ» ራሷ አገኘችው። እኔ ምንም አላልኳትም።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል። የተሳሳተበትን ገጽ ግን እንዲቀድ አይፍቀዱለት።