«ከፈራሽ አላመንሽም» ተባልኩ፤ ጠበሉ አይሠራልኝም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አዘዞ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በግራ ዓይኔ ነጩ ላይ፣ ጥቁሩን ጠጋ ብሎ ትንሽ ሥጋ በቅሎብኛል። ሐኪሙ «ካንሰር ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ስፔሻሊስት ይየውና ናሙና ይወሰዳል» ብሎ ሪፈር ጻፈልኝ። ቀጠሮው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ጠበል እየጠጣሁ ነው። ግን እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት እየተነሣሁ መስታወት ፊት ቆሜ ዓይኔን እገልጣለሁ። አብራኝ ጠበል የምትሄድ አንዲት እኅት «ከፈራሽ አላመንሽም፤ ጠበሉ የሚሠራው ለሚያምን ነው፤ ቀጠሮውንም ተዪው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱን ራሱን መፍራት ጀምሬያለሁ። ፍርሃቴ ጸሎቴን ያበላሽብኛል? ለባለቤቴም ለእናቴም አልነገርኩም።

መልስ፦ እኅቴ፣ ፍርሃትሽ ጸሎትሽን አያበላሽብሽም። ሌላውን ሁሉ ሳታነቢ ይህን ያዢልኝ።

የሐኪምና የጠበልን ነገር ብዙ አልቆይበትም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ባለቀሰ ጊዜ እግዚአብሔር በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ «እፈውስሃለሁ» አለው፣ 15 ዓመትም ጨመረለት። ተስፋው ከተነገረ በኋላ ግን የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ አደረጉለት። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ስለዚህ ቀጠሮሽን አትተዪም። በዚህ አልደራደርም።

እኔን ያስጨነቀኝ «ከፈራሽ አላመንሽም» የሚለው ነው። ይህን ቃል ስንት በሽተኛ ይዞት መጥቷል! ሰውየው በሕመሙ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። ይፈራል፣ ፈራሁ ብሎ ያፍራል፣ ያፈረውን ይደብቃል። ሲጠይቁት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሌሊት ግን ብቻውን ይንቀጠቀጣል።

የሚጠቅሱት ጥቅስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በአንዳች አትጨነቁ» (ፊልጵ. 4፥6)። ግማሹን ቆርጠው ነው የሚያነቡት። ሙሉው «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ» ነው። ሐዋርያው ጭንቀታችሁን ለማን እንደምትሰጡ እያሳየ ነው። ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። እዚያው መልእክት ላይ፣ ምዕራፍ 2ን ገለጥ አድርጊ። ወንድሙ አፍሮዲጡ ለሞት ቀርቦ እንደነበር ይናገርና እግዚአብሔር እንደማረው ይነግረናል። ለእርሱ ብቻ ሳይሆን «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ለእኔም ማረኝ ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ የታመመ ወዳጁን ሲያስብ ልቡ ይታመም ነበር ማለት ነው። ታዲያ አላመነም ልንለው ነው?

ከዚህ የሚበልጠውን ልንገርሽ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ሊያዝንና ሊተክዝ ጀመረ። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ። አባቶቻችን ሲያስተምሩን ይህን ያደረገው ወዶና ፈቅዶ፣ ፍጹም ሰው መሆኑን ሊያስረዳን፣ ለእኛም አርአያ ሊሆነን ነው ይሉናል። እንግዲህ አርአያነቱን ከጾሙና ከትሕትናው ብቻ አንውሰድ። ከዚያች ሌሊትም እንውሰድ። ጽዋዋ እንድታልፍ ለመነ፣ ፈቃዱን ግን ለአባቱ ሰጠ። ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ደግሞ «በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» አላቸው። በጭንቅ ሰዓት ሰው አጠገብ እንዲኖር መፈለግ ከእምነት ማነስ ቢሆን ኖሮ እርሱ ባላደረገው ነበር።

አንቺ ግን ለባለቤትሽም አልተናገርሽም። ዛሬውኑ ንገሪው። ለእናትሽም ንገሪያቸው። የንስሐ አባትሽ ይወቁት። «እናቴን አስጨንቃታለሁ» ትዪኝ ይሆናል። እናት የልጇ ፊት ሲጠቁር አይታ ምክንያቱን አለማወቋ ነው የሚያስጨንቃት።

ጠበሉ «ለሚያምን ብቻ» ይሠራል ላለችሽም መልስ አለኝ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣሪያ አፍርሰው አወረዱት። ጌታችን የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ ማረው። የዚያ ሽባ ልብ በዚያች ሰዓት ፈርቶ ይሁን አይሁን መጽሐፉ አይነግረንም። ያንቺ እምነት በደከመበት ቀን ባለቤትሽ ያምንልሻል፣ ቤተ ክርስቲያን ታምንልሻለች። ምሕረቱ በእኛ ድፍረት አይለካም። የታመመ ልጁን ያመጣው አባትስ ምን አለ? «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» ልጁ ዳነለት።

አሁን ትንሽ ጠንከር ልበል። «አምናለሁና ሐኪም ጋ አልሄድም» የሚሉ ብዙዎችን አነጋግሬያለሁ። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ የሚፈሩት ውጤቱን ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን ቃል መስማት አይፈልጉም። ፍርሃታቸውን የእምነት ልብስ ያለብሱታል። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ፈርተሽ ሂጂ። እየተንቀጠቀጥሽም ቢሆን ሂጂ።

ሐኪሙ ያለሽንም በደንብ ስሚው፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ነው ያለሽ። በዓይን ነጭ ላይ የሚበቅል ሥጋ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ፀሐይና አቧራ ላይ በሚውል ሰው ዓይን ካንሰር ያልሆነ ሥጋ ይበቅላል። የሚለየው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳ በጊዜ ሲደረስበት ብዙውን ጊዜ ሥጋው ተቆርጦ ይወጣል፣ ዓይኑም ይተርፋል። ሲቆይ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ዓይን እስከ ማውጣትም ያደርሳል። ስለዚህ ነው በቀጠሮው የማልደራደረው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት ላይ «በዚህ ዓይኔ ምን ዓይቼ፣ ምን ሠርቼ ነው?» የሚል ሐሳብም ሳይመጣብሽ አይቀርም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ንስሐሽን ግቢ፣ እሱ ሁልጊዜም ነው። ዓይንሽን ግን የወንጀለኛ ዓይን አታድርጊው።

ሌሊቱን እንዲህ አድርጊ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው፤ በዚያ ሰዓት ዩቲዩብ ላይ ስለ ዓይን ካንሰር መፈለግ ይቅር። መስታወቱንም ተዪው፣ ሥጋው በአንድ ሌሊት አይለወጥም። ተነሺና መዝሙር 6ን አንብቢ። ዳዊት አልጋዬን በእንባ አጠብኩ፣ ዓይኔም ታወከች ይላል። ቃል ካጣሽ ደግሞ ሲነጋ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ታውቂያቸዋለሽ፤ ፊትና ክንፍ ብቻ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ወደ ታች የሚያዩ። እዚያ ሥር ምንም ሳይል ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ያም ጸሎት ነው።

ጠበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂም። ናሙና ከተወሰደ በኋላ ግን ቁስሉ እስኪድን ዓይንሽ ውስጥ ምንም ከማስገባትሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ። ቅጠል ጨምቀሽ አታድርጊበት፣ ማንም ቢመክርሽ።

ለሐኪሙ የምትጠይቂውን ከአሁኑ ወረቀት ላይ ጻፊ፤ እዚያ ስትደርሺ ድንጋጤው ያስረሳሻል። ባለቤትሽ አብሮሽ ይግባ፤ አንቺ ያልሰማሽውን እሱ ይሰማል። ስምሽን አልጠየቅሁሽም፤ የክርስትና ስምሽን ብቻ ላኪልኝ። ለካህናቱ እሰጣቸዋለሁ፣ እስከ ቀጠሮሽ ቀን በቅዳሴ ያስቡሻል።