ጥያቄና መልስ፦ ታዋቂ ሰው «እሱን ምረጡ» ሲል ልስማ?

በ1997 እና በ2013 ዓ.ም. ምርጫዎች አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኝ ምርጫ ጣቢያ ታዛቢ ነበርኩ። የአራት ኪሎና የፒያሳ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ዛሬ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ የምወደው ድምፃዊ «እገሌን ምረጡ» ብሎ ቢቀሰቅስ ድምፄን ልስጥ?

ስማው፣ ግን ዕጩውን ያውቀው እንደሆነ ጠይቅ። አዲስ አበባ ለተወካዮች ምክር ቤት 23 የምርጫ ክልሎች አሏት፤ በእያንዳንዳቸው የምንመርጠው ሰው ነው። እኛ ግን የለመድነው ምልክት መፈለግ ነው። በ2013 አንዲት እናት የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ዘርግተው «ልጄ፣ ንቧ የለችም እንዴ?» አሉ። ኢሕአዴግ ከስሞ የምርጫ ምልክቱ ንቧም ከወረቀቱ ከጠፋች በኋላ መሆኑ ነው። ታዛቢ ስለነበርኩ ዝም አልኩ፤ ማስረዳት የአስፈጻሚዋ ድርሻ ነበር። እኒያ እናት የዕጩዎቹን ስም ያነበበላቸው ሰው እንዳልነበረ ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ፓርቲዎች ዕጩ ሲያቀርቡ ለምን አይጠይቁንም?

የምሬቱ ሥር ይህ ነው። ዕጩው የሚመረጠው ፓርቲው ውስጥ ነው፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ካለቀ በኋላ ነው። በ2012 ሦስቱ የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶችና አምስት አጋር ድርጅቶች ተዋህደው ብልጽግና ሲመሠረት፣ በ2007 በኢሕአዴግ ስም የተመረጡ እንደራሴዎች ወደ አዲሱ ፓርቲ ሲገቡ መራጩን የጠየቀ አልነበረም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ግን እንደራሴው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል፤ የመራጩን አመኔታ ካጣም በሕግ መሠረት ሊነሳ ይችላል። ይህን አንቀጽ ለየቤተሰባችሁ አንብቡላቸው።

መርጠን ምን አገኘን? የ1997ቱን አይተናል።

እኔም አይቻለሁ። የተቃዋሚ ፓርቲዎች ኅብረት የነበረው ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። እኛ ጣቢያ ኮሮጆው ተከፍቶ ቆጠራው ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ሰው በባትሪ እያበራ ቁጥሩን በጣቱ ይከተል ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ታውቃላችሁ፦ የድምፅ ውዝግብ፣ ግድያ፣ የመሪዎቹ እስር። ቅንጅትም ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ፤ አስተዳደሩ በባለአደራ ተያዘ። ሰፈሬ ያዘነው በገዢው ፓርቲ ብቻ አልነበረም፤ «የሰጠናችሁን ለምን አልተረከባችሁም?» ብሎ በመረጣቸውም አዝኗል። በ2002 ከመላ አገሪቱ ምክር ቤት የገቡት ብቸኛ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ከአዲስ አበባ የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ፤ በ2007 እሱም ቀረ። ምኅዳሩ ጠቦ ነበር፤ ተስፋ መቁረጡም ተጨመረበት።

ታዲያ ቤቴ ብቀመጥ ተቃውሞ አይሆንም?

አይሆንም። በሕጋችን ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። የቀረኸው ሰው በየትኛውም ዓምድ ላይ አትጻፍም።

ሰባኪ ወይም ሼኽ ዕጩ ቢጠቁሙስ?

እንደ ዜጋ ሐሳባቸውን ይናገሩ። ዐውደ ምሕረትና ሚንበር ግን የሁሉም ምእመን ነው፤ ለአንድ ዕጩ አይዋል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «እዚህ መራጩ ዕጩውን ራሱ ያወጣል» ይላሉ፤ እውነት ነው?

በቅድመ ምርጫ፣ አዎ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆ ክራውሊ የተባሉ አንጋፋ የዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ የፓርቲያቸው ታላላቆች ድጋፍ ነበራቸው፤ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ የተባለች የ28 ዓመት ሴት ግን አሸነፈቻቸው። የታላላቆቹ ድጋፍ መራጩን አላስቆመውም። እዚህም ፓርቲዎች አባሎቻቸውን በምስጢር ድምፅ ዕጩ ቢያስመርጡ እመኛለሁ።

ዕጩ ሳገኝ ምን ልጠይቅ?

«ፓርቲዎ ሰፈሬን የሚጎዳ ሕግ ቢያቀርብ እጅዎን ያነሣሉ?» በል። በ2013 አንዱን ዕጩ ጠየቅኩት፤ «ፓርቲያችን…» ብሎ ጀመረ። «እርስዎን ነው የጠየቅኩት» አልኩት። ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ ዐሰበ፤ ከዚያ «አላነሣም» አለ። ስሙን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።