ቫይታሚን ኢ ብቻውን አይበቃም

እህቴ፣ በትኩስ እሬትና በኮኮናት ዘይት ለሠራሽው ሎሽን ቫይታሚን ኢ ጠብ ካደረግሽበት ይበቃል ወይ ላልሽው፣ አይበቃም። እሱ የሚረዳው ዘይቱ ቶሎ እንዳይከረፋ ነው እንጂ ባክቴሪያና ሻጋታ አይገድልም። እንደ እሬት ያለ ውሃማ ነገር የገባበት ሎሽን ደግሞ ሽታውም መልኩም ሳይለወጥ ጀርም ሊራባበት ይችላል፣ ለልጅሽ ጭምር የምትቀቢው ከሆነ እባክሽ ያሁኑን ድፊው።

ፌኖክሲኢታኖልና ኤቲልሄክሲልግሊሰሪን የሚባሉት የተቀላቀሉበትን መከላከያ፣ ማለትም ሎሽኑ ውስጥ ጀርም እንዳይራባ የሚያደርግ ነገር፣ ፈልጊ። የአውሮፓ ኅብረት ለፌኖክሲኢታኖል የፈቀደው ጣሪያ 1 በመቶ ነው፤ 100 ግራም ሎሽን ውስጥ ከ1 ግራም አይበልጥም ማለት ነው። በጠብታ ወይም በማንኪያ አትገምቺ፣ ትንሿን ዲጂታል ሚዛን ግዢ። ሲበዛ ቆዳ ያስቆጣል፣ ሲያንስ ደግሞ እንዳልገባ ነው። መቼና በምን ያህል ሙቀት እንደሚጨመር ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ተከተይ።

መከላከያ ካልፈለግሽ እሬቱን ተይውና የሺአ ቅቤና ዘይት ብቻ ሥሪ፤ እርጥብ ጣት ግን እንዳይገባበት።