መልስ፦ ከወሊድ በኋላ ለሚረግፍ ፀጉር ላይሲን ልጀምር ወይ?

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! ከወለድሽ 4 ወርሽ ነው፣ እያጠባሽም ነው፣ ፀጉርሽ ስለረገፈ እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያየሽውን የላይሲን እንክብል ልጀምር ወይ ብለሻል። እኔ ብሆን አሁን አልገዛውም።

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ሳቢያን ቤታችን በረንዳ ላይ ሳበጥር፣ ማበጠሪያው እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይዞ ይወጣ ነበር። አልቅሻለሁ። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው አንድ ላይ የሚወርደው፤ ብዙውን ጊዜ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ይመለሳል። እኔም ግንባሬ ዳር እንደ ጨቅላ ፀጉር የቆሙ አጫጭሮች ሳይ ነው ልቤ ያረፈው።

ላይሲን ከንቱ ነው አልልሽም። ፀጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይሠራል፤ ላይሲንም አንዱ ነው። ግን የሚጠቅመው ለጎደለው ሰው ነው። እህል ላይሲን ያንሰዋል፤ ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር ግን አላቸው። እንጀራ በሽሮ ስትበዪ አንዱ የሌላውን ይሞላል፤ እንቁላልና ወተት ጨምሪበት።

መጀመሪያ ደም ተመርመሪ። ሄሞግሎቢን ብቻ እንዳይሆን፣ ፌሪቲን (ሰውነትሽ ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው) እና ታይሮይድም (የአንገት ዕጢ) በያቸው። የፀጉር ቫይታሚን ከጀመርሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን ካለበት የታይሮይድ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። ሻይና ቡና ብረት እንዳይገባ ስለሚይዙ ከምግብ አርቂያቸው። ሹሩባም ጠበቅ አታስደርጊ፣ በተለይ ግንባር ላይ።

ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠ ግን አትጠብቂ፣ የቆዳ ሐኪም ይየው።